ከውስጥ የማይዘጋው በር

ማክሰኞ

መካነ ሰላምን አይታችሁ የማታውቁ ብዙ ናችሁና ከመነሻው ልጀምር። ኮምቦልቻ የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ የስፖርት አስተማሪ ነኝ። የሰፈራችን የወጣቶች ክበብ በሴሚስተር እረፍት ልጆቹን መካነ ሰላም አጠገብ ወዳለ አንድ የወጣቶች ካምፕ ሊወስድ ተነሣ። «ሴቶቹን የሚጠብቅ ትልቅ ሰው ያስፈልጋል» ሲባል ስብሰባው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ንዴተኛ መሆኔን ሰፈሩ ያውቃል፤ የመረጡኝም ለዚሁ ይመስለኛል። ይህን የምታነቡም ንዴቴን ቻሉት፤ ከተመለስኩ ወዲህም አልበረደልኝም።

ማለዳ መኪናው ሲሞላ ጎረቤቴ ዘይነባ ልጇን ሰሚራን ይዛ መጣች። ዘይነባ ሌላ ልጅ የላትም። ሰሚራ ከጓደኞቿ ሁሉ ትንሿና ቀጭኗ ናት፤ ከቤት ርቃ አድራ አታውቅም። ዘይነባ የልጇን እጅ ከእጇ አውጥታ እጄ ውስጥ አስገባችና «አደራሽን። እንደሰጠሁሽ መልሽልኝ፤ ሌላ ምንም አልልሽም» አለችኝ። «አብሽሪ» አልኳት። እንዲህ ያለው ቃል ከአፍ ለመውጣት እንዴት ይቀላል!

ከደሴ አልፈን ወደ ጉጉፍቱ ከፍታ ስንወጣ ጉሙ መኪናውን ዋጠው። ልጆቼ ኮምቦልቻ እንደሚለብሱት በቲሸርት ነው የመጡት። እኛ ዘንድ ብርድ ማለት ማታ ማታ ነጠላ ደረብ ማድረግ ነው፤ እዚያ ግን በቀትር ሰው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ይሄዳል። አቀስታ ከተማ ደርሰን ሽሮ በላን። ከዚያ ወዲያ ጎማ ፈነዳ። ኮምቦልቻ ላይ ጎማ ቢፈነዳ መጀመሪያ የሚደርሰው ጎማ ጠጋኝ ነው፤ እዚያ የደረሰልን ድንች ነው። ከመንገዱ በላይ ካለ ቤት አንዲት ሴት ትኩስ ቅቅል ድንች በሰፌድ ይዛ ወረደች። «በዚህ ብርድ ባዶ ሆድ ይቆማል? ብሉ በረሱል!» እያለች ሾፌራችን ጎማውን ቀይሮ እስኪጨርስ አበላችን። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ተነሣን።

ካምፑ ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ነው። መግቢያው ላይ ከሲሚንቶ የተሠራ መድፍ ቆሟል፤ መቅደላን ለማስታወስ ነው አሉ። ያ ሁሉ ሲሚንቶ የፈሰሰበት መድፍ አፈ ሙዙን የደቀነው ሽንት ቤቱ ላይ ነው። የሽንት ቤቱ ወለል ደግሞ የበሰበሰ ሳንቃ ነው፤ ሲረግጡት ይጮኻል። የውኃ ታንከሩ ባዶ ነው። ገደሉ ጫፍ ላይ አጥር የለም፤ ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል። የሚሯሯጥ ልጅ ድንጋዩ ነጭ ስለሆነ ከገደል ይመለሳል ብሎ ያሰበውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

የካምፑ ኃላፊ በር ላይ ቆሞ ተቀበለንና ንግግር ጀመረ። ልጆቹ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ስለ አገር ተረካቢነት ሰሙ። ካምፑ «የተሟላ አገልግሎትና አስተማማኝ ደኅንነት» እንዳለውም ሰሙ። እሱ ወፍራም ካፖርት ለብሷል። ንግግሩን ሲጨርስ አጨበጨብንለት፤ እጃችንም በዚያው ትንሽ ሞቀ። ከዚያ በመኪናው ሄደ፤ ዳግመኛ አላየነውም።

የወንዶቹ ማደሪያ ጨርሶ በር የለውም፤ ጆንያ ተጋርዶበታል። የሴቶቹ አዳራሽ ግን «ደረጃውን የጠበቀ» ነው ተባልን፤ የብረት በር አለው፣ መስኮቶቹም ላይ ሌባ እንዳይገባ ፌሮ ተበይዷል። ሻንጣዬን አስቀምጬ በሩን ከውስጥ ልዘጋ ስል መቀርቀሪያ የለም። የነበረበት ቦታ የብሎን ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ከውጭ ግን ሰንሰለትና ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

የካምፑ ጥበቃ ሸምገል ያሉ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን አልጽፍም፤ ጋሼ ይመር ልበላቸው።

«ጋሼ ይመር፣ መቀርቀሪያው የት ሄደ?» አልኳቸው።

«ተነቀለ።»

«ለምን?»

ነገሩን ነገሩኝ። ከእኛ በፊት የመጡ ልጆች ደክሟቸው በሩን ከውስጥ ቀርቅረው ይተኛሉ። ኃላፊው እንግዶች ይዞ ንግግር ሊያደርግ ሲመጣ ቢንኳኳ ቢንኳኳ የሚሰማ ጠፋ። በእንግዶቹ ፊት አፈረ። በነጋታው «ከእንግዲህ ከውስጥ የሚዘጋ በር እዚህ ግቢ እንዳላይ» አለ።

«ንቀል አሉኝ፣ ነቀልኩ። እኔ ታዛዥ ነኝ» አሉ ጋሼ ይመር። «አብሽሩ፣ ማታ ማታ እኔ ከውጭ እቆልፍላችኋለሁ። ቁልፉ ወላሂ ከኪሴ አይወጣም።»

«ሰው ያለበትን ቤት ከውጭ? ጋሼ ይመር፣ እኔ እያለሁ አይሆንም!» አልኩ። እሺ አሉ፤ ግን ነገሩ እንዳልገባቸው ፊታቸው ያሳብቃል። ለእሳቸው በር የሚቆለፈው ጅብና ሌባ እንዳይገባ ነው፤ የውስጡ ሰው መውጣት የሚያስፈልገው ጊዜ ይመጣል ብለው አስበው አያውቁም። እኔ አልጋዬን በሩ ላይ አስደግፌ ተኛሁ። ነፋሱ አልጋውን ከነእኔ ሲገፋ አደረ።

ረቡዕ

ጠዋት ለኃላፊው ደወልኩ። «መቀርቀሪያ? ነገ ይገጠማል» አለኝ። ውኃውስ? ነገ። የገደሉ አጥርስ? «በእቅድ ተይዟል።»

ዕለቱ የጨዋታ ቀን ነበር። ልጆቹ ከካምፑ በተሰጣቸው ገመድ ጉተታ ጀመሩ። ገመዱ ብዙ ክረምት የጠገበ ነው፤ መሐሉ ላይ ብጥስ ሲል ሁለቱም ቡድን በጀርባው ወደቀ። አንዱ ቡድን የወደቀው ወደ ገደሉ በኩል ነው። ቀና ስል ጋሼ ይመር ከነጩ ድንጋይ ወዲያ፣ ገደሉ አፍ ላይ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው አግድም ይዘው ቆመዋል። ለካ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበሩ። «አጥር ነኝ» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አጥር ሊሠራ የሚገባው ሰው ካፖርት ለብሶ ሄዷል፤ በአጥር ፈንታ አንድ ሽማግሌ አቁሟል።

ምሳ ያበሉን የጋሼ ይመር ባለቤት እትዬ ከድጃ ናቸው። ቤታቸው ከካምፑ ግቢ ጥግ ነው፤ በሩ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ አንድ ክፍል። ልጆቻችን ሙስሊምም ክርስቲያንም ስለሆኑ እትዬ ከድጃ ማንም ሳይነግራቸው ለሙስሊሞቹ በግ አሳርደው፣ ረቡዕ ነውና ለክርስቲያኖቹ የጾም ወጥ ሠርተው፣ ሁለት ድስት ለይተው፣ ጭልፋውን እንኳ ለይተው አቀረቡ። እኛ ሰፈር በሠርግ ላይ እንኳ ጭልፋ ይቀላቀልና ጭቅጭቅ ይነሣል። ሰሚራን አይተው «ይቺ ልጅ ሥጋ የላት፣ እንዴት ነው ይህን ብርድ የምትችለው?» ብለው አብዝተው አጎረሷት። በጎጆ ቤት ተቀምጦ ለጭልፋ የሚጠነቀቅ ሰው እያለ፣ ቢሮ ያለው ሰው ለበር መቀርቀሪያ አያስብም።

ሐሙስ

«ነገ» የተባለው ነገ መጣ። መቀርቀሪያ ግን አልመጣም። ራሴ ልገዛ ከሾፌራችን ጋር ወደ ከተማ ወረድኩ። ልጆቹን የክበቡ መሪ ሙሉጌታ ይዟቸው ቀረ፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን ገና ወጣት ነው።

የሕንፃ መሣሪያ ሱቁ ተዘግቷል። የባለሱቁ እናት ማረፋቸውን ነገሩን፤ ቀብር ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሄዳል። ሌላ ሱቅ ገባሁ። ልጁ መደርደሪያውን አሳየኝ፤ ትልቅ ጓጉንቸር፣ ትንሽ ጓጉንቸር፣ የቻይና ጓጉንቸር። ከውስጥ የሚቀረቅር አንድም የለም። «ሰው የሚገዛው ይሄን ነው እኮ» አለኝ።

ስንመለስ በረዶ ወረደ። ኮምቦልቻ በረዶ ሲጥል ልጆች ወጥተው ይለቅማሉ፤ ይኼ ግን መስታወት ሊሰብርብን ደረሰ። መኪናውን መንገድ ዳር አቁመን ጠበቅን። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ሰው በዚያ ሰዓት ጎኑ ያለው ሰው ቢጮኽም አይሰማም።

ካምፑ ስንደርስ ግቢው ነጭ ሆኗል። ወንዶቹ በር በሌለው ቤታቸው ተኮራምተው እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ። «ሴቶቹስ?» አልኩ። «እነሱማ አልፎላቸዋል» አለ ሙሉጌታ። «ጋሼ ይመር ከሰል አቀጣጥለውላቸው ሞቋቸው ተኝተዋል።»

ሮጥኩ። ሰንሰለቱ በበሩ ዙሪያ ተጠምጥሞ ጓጉንቸሩ ተቆልፏል። መስኮቶቹ ተዘግተው ስንጥቃቸው ሁሉ በጆንያ ቁራጭ ተጠቅጥቋል። በሩን ደበደብኩ። የመለሰልኝ ድምፅ አልነበረም፤ ከታች፣ ከወለሉ አጠገብ፣ ብረቱን የሚቧጭር ጥፍር ሰማሁ።

እትዬ ከድጃ ከቤታቸው ወጡ። «ቁልፉ!» አልኳቸው። ፊታቸው አመድ ሆነ። «ይመር ኪስ ነው... ቀብር ጠርተውት ሄደ። ነፋሱ በሩን እየከፈተ በረዶ ሲያስገባባቸው ብርድ እንዳይመታቸው ብሎ ነው የቆለፈው። ያረቢ!»

ለቀብር የተጠራ ሰው እዚያ አገር ዘወር ብሎ አያይም። ሬሳ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚያወርደው ክንድ እየጠበቀ ነው፤ ኪስን መፈተሽ፣ ቁልፍ ማስረከብ የሚባል ነገር በዚያች ሰዓት ትዝ አይልም። የእኔም ሰፈር ሰው እንደዚሁ ነው። ግን እኛ ዘንድ በሩ ከውስጥ ይከፈታል።

ሾፌራችን የመኪናውን የክሪክ ብረት ሰንሰለቱ ውስጥ ሰክቶ ከወንዶቹ ጋር ተንጠለጠለበት። የሰንሰለቱ ማያያዣ ተገንጥሎ በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊታችንን መታን። በአዳራሹ መሐል ሁለት ማንደጃ ሙሉ ከሰል ደም መስሎ ይፋማል። ጭስ የሚባል የለም፤ የከሰል ክፋቱ ይኸው ነው። በሩ ሥር የነበሩት ልጆች እየተሳቡ ወጡ፤ በረዶው ላይ ተደፍተው አስመለሱ። ጭንቅላታቸውን ይዘው ያለቅሳሉ። ያለቀሰች ልጅ በሕይወት አለች ማለት ነውና እያንዳንዷ ስታለቅስ አላህንም እግዜርንም አመሰገንኩ።

ሰሚራ ከመሐላቸው የለችም።

ያገኘናት ከማንደጃው አጠገብ፣ ምርጡ ቦታ ላይ ነው። የጋሼ ይመር ጋቢ እስከ አንገቷ ተጠቅልሎላታል። ከሁሉ ይልቅ የበረዳት እሷ ስለሆነች እሳቱ አጠገብ ያስቀመጧት፣ ጋቢያቸውን አውልቀው ያለበሷት እሳቸው ናቸው። በደግነታቸው ሊገድሏት ነበር። ተሸክሜ አወጣኋት፤ ጡረታ የወጣሁ ሰው ልጅ ተሸክሜ ምን ያህል እንደምሮጥ ያን ቀን አወቅሁ። መኪናው እስከ ሆስፒታሉ ድረስ እየተንሸራተተ ሲወርድ የማስበው የዘይነባን እጅ ነበር። ምን ብዬ ነው ባዶ እጄን የምመለሰው?

ሆስፒታል ውስጥ ነርሶቹ ገና በሩ ላይ ተቀበሏት። ኦክስጅን አደረጉላት። እኔን «ይውጡ» አሉኝ፤ አልወጣም አልኩ፤ ከዚያ ወንበር ሰጡኝ። አመሻሹ ላይ ዓይኗን ገለጠች። ዙሪያዋን አየችና «ቲቸር» አለች፣ «ለእማዬ እንዳይነግሯት። ዳግመኛ የትም አትልከኝም።» ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ስወጣ ጋሼ ይመር ከበሩ ውጭ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የቀብሩ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው ነው፤ ቁልፉ እጃቸው ውስጥ ነው። ልጮኽባቸው ያዘጋጀሁት ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። «ነፍሷ አለች» ብቻ ብዬ አለፍኩ።

ዓርብ

ሌሎቹ ሴቶች ልጆች በጠዋት ተመርምረው ደህና ናችሁ ተባሉ። ሰሚራም እስከ ቀትር ቆይታ ወጣች። ወደ ካምፑ ለመግባት እግሬ እምቢ ቢለኝም ሻንጣችን እዚያ ነውና ተመለስን። ልጆቹ ሁሉ ያን ቀን ለማደር የመረጡት በር የሌለውን ቤት ነው፤ ሴቶቹ በአንድ ጥግ፣ ወንዶቹ በሌላው። እትዬ ከድጃ ከየጎረቤቱ ጋቢና ብርድ ልብስ ለምነው ተሸክመው መጡ።

ከጁምዓ በኋላ ሽማግሎች መጡ። አንድ ሸህ፣ አንድ ቄስ፣ ከኋላቸው ጋሼ ይመር አንገታቸውን ደፍተው። ወሎ ውስጥ «አፉ በሉን» ተብሎ ይቅርታ ከተጠየቀ በኋላ ልብን አደንድኖ መቀመጥ እንዴት ከባድ እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። እኔም ስላወቅሁት ቀድሜ ተናደድኩ።

«ወንድማችን ይመር አጥፍቷል» አሉ ሸሁ። «በክፋት አይደለም፤ እሱንም እርስዎ ያውቃሉ። ስለ አላህ አፉ ይበሉት።»

«ስለ እመቤታችን» አሉ ቄሱ። «ነገሩም እንዳይሰፋ። ኃላፊውም ደውሎልን ነበር፤ በእናንተው በሽምግልና ይለቅ ብሏል።»

«ደወለ?» አልኩ። «ለእናንተ ደወለ? እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ስደውልለት የነበረው ሰው? ልጅቷ ሆስፒታል ተኝታ ስልኩን ያላነሳው?»

ሸሁ ጺማቸውን ዳበሱ። እነሱም እንዳፈሩ አየሁ፤ ግን የመጡት ለኃላፊው ሳይሆን ለጎረቤታቸው ነው።

«ጋሼ ይመርን አፉ ብያለሁ» አልኩ። «ከልቤ ብያለሁ። ስማቸውንም የትም አላነሳም። በሩን ግን አፉ አላልኩም። ነገ ሌሎች ልጆች ይመጣሉ፤ እነዚያም የእናት ልጆች ናቸው። መቀርቀሪያ ሳይገባበት ከዚህ አልነሣም።»

«ባለሱቁ ለቅሶ ላይ ነው» አሉ ቄሱ። «ሣልስት ሳይወጣ አይከፍትም።»

ጋሼ ይመር ያን ጊዜ ቀና አሉ። ምንም ሳይናገሩ ወጡ። ትንሽ ቆይቶ ከግቢው ጥግ የመዶሻ ድምፅ ሰማን። ሽማግሎቹ ምርቃታቸውን ሳይጨርሱ ጋሼ ይመር ተመለሱ፤ እጃቸው ላይ መቀርቀሪያ አለ። ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ቀለም ተጣብቋል። የአዳራሹን በር የብሎን ቀዳዳዎች እየተከተሉ ገጠሙት። ቀዳዳው ትንሽ ስላልገጠመ በምስማር አጠበቁት። ሲጨርሱ «ሰሚራ፣ ልጄ፣ ነይ እስቲ» አሉ። «ከውስጥ ሆነሽ ዝጊው።»

ሰሚራ ገባች። ቀረቀረችው። ከውጭ ገፋነው፤ አልተከፈተም። ከዚያ ከውስጥ ከፍታ ወጣች። ጋሼ ይመር ግንባሯን ሳሟት። የራሳቸውን በር አሰብኩ፤ ግን በሽማግሎች ፊት ይህን አንሥቼ ላሳፍራቸው አልፈለግሁም። ንዴቴ ያን ጊዜ መጠጊያ አጣ፤ አልጠፋም ግን።

ቅዳሜ

በጠዋት ተነሣን። እትዬ ከድጃ ለመንገድ ቂጣና ቆሎ ቋጠሩልን። መኪናው በግቢው ጥግ ሲያልፍ አረንጓዴው በር ከውስጥ ገርበብ ብሎ፣ ከሥሩ ትልቅ ድንጋይ ተደግፎበት አየሁ። ድንጋዩ ኖራ ተቀብቷል። ከገደሉ ጫፍ የመጣ ነው። ጅብ በሚዞርበት አገር እነዚያ ሁለት ሰዎች ደጃቸውን በድንጋይ ደግፈው አድረዋል፤ የሲሚንቶው መድፍ ደግሞ ምንም ሳይጎድልበት እንደቆመ ነው። «አቁም» ልለው ነበር ሾፌሩን። አቁሜስ ምን አደርጋለሁ? መቀርቀሪያ የለኝ።

ጉጉፍቱን ስንወርድ ሙቀቱ ሲቀበለን ልጆቹ መዝፈን ጀመሩ። ሰሚራ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር፤ ትንፋሿን እየሰማሁ ኮምቦልቻ ደረስን።

ዘይነባ መንገድ ላይ ቆማ ነበር። ልጇን አየቻት፣ ደባበሰቻት፣ ሳመቻት። እኔ የሰሚራን ልመና አላከበርኩም፤ አደራ የሰጠ ሰው እውነቱን መስማት አለበት። ቤቷ ገብተን ሁሉንም ነገርኳት፤ ከሰሉን፣ ሰንሰለቱን፣ ቀብሩን፣ አፉ ማለቴን። ዘይነባ ቁጭ ብላ ሰማችኝ። እጇ የሰሚራን እጅ አልለቀቀም። ልትጮኽብኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ ይገባኝም ነበር።

«ሽማግሌው አፉ በሉኝ አለ» አለች በመጨረሻ። «አላህ ይቅር ይበለው፤ እኔም ብያለሁ። ጋቢውን ለልጄ ያለበሰ ሰው ነው። መቀርቀሪያውን አስነቀለ ያልሽኝስ? እሱስ መጥቶ አፉ በሉኝ አለ?»

«አልመጣም» አልኳት።

ሰሚራ ከአጠገባችን ተነሥታ ሄደችና የቤታቸውን በር ዘጋችው፤ ከፈተችው፤ መልሳ ዘጋችው። ዘይነባ አየቻትና ጥያቄዋን ቀጠለች፦ «መምጣቱስ ይቅር፣ ደወለልሽ?»

«ለኔ አልደወለም።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት መቀርቀሪያ ገዝቼ በሾፌራችን እጅ ለጋሼ ይመር ላክሁ፤ አንዱ ለቤታቸው፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። ሾፌሩ ሲመለስ ጋሼ ይመር ሁለተኛውን የወንዶቹ ማደሪያ ላይ ሊገጥሙት ሲሉ በር አጥተው ይዘውት እንደቆሙ ነገረኝ። ዘይነባ አሁንም በግድግዳው በኩል ጠዋት ጠዋት «መጣ?» ትለኛለች። ማንን እንደምትለኝ አውቃለሁ። እስከ ዛሬም አልመጣም።